በአንበሳው ጀርባ ላይ ያለች ፀጉር

ስሜ ወርቅነህ ነው። አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ ትንሽ ቸኩሏል፤ ግን አልፈርድበትም፣ ሰው በተወለደ ዕለት ድንጋይ ላይ ተፍቆ አይታይም። አሁን ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። አፌ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች አራት ሲሆኑ እነሱም እንደተኳረፈ ጎረቤት ተራርቀው ነው የሚኖሩት። መነጽሬ አንድ እግሯ ተሰብሮ በበግ ፀጉር ክር ታስራለች። እንዲህም ሆኜ በመንዝ፣ በሞላሌና በዙሪያዋ የብር ነገር ሲነሳ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ አንጥረኛ ነኝና። የአንገት መስቀል፣ ጉትቻ፣ ቀለበት ስሠራና ስጠግን ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ሰው ከአያቱ ሣጥን ሥር ያገኘውን ሁሉ ይዞልኝ ይመጣና እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰት ይለኛል። እኔም መነጽሬን ከፍ ዝቅ አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እፈርዳለሁ።

የማጫውታችሁ ግን ዳኛውም ተከሳሹም እኔው ስለሆንኩበት ጉዳይ ነው። ነገሩ የተፈጸመው ባለፈው ዓመት በጥቂት ቀን ውስጥ ነው።

የወሩን ማርያም ተሳልሜ ስወጣ፣ እንደ ልማዴ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝርዝር ወደምትሸጠው ወደ ጥሩነሽ ሄድኩ። አሥር ብር ይሰጧታል፣ ዘጠኝ የአንድ ብር ሳንቲም ትሰጣለች፤ አንዷ የድካሟ ናት። ከዚያ በግንቡ ሥር ለተደረደሩት ነዳያን አንድ አንድ እያሉ ማደል ነው። በአሥር ብር ዘጠኝ ጽድቅ መግዛት በዚህ ኑሮ ውድነት ርካሽ ነው እያልኩ ሁልጊዜ እቀልድባታለሁ።

አራተኛው ነዳይ ጋ ስደርስ ጣቴ ከዓይኔ በፊት አንድ ነገር አወቀ። የያዝኳት ሳንቲም ከሌሎቹ ሰፋ ትላለች፤ ዳርቻዋም ተበልቷል። ቆም ብዬ አየኋት። በአንድ ፊቷ ዘውድ የደፋ የጥንት ንጉሥ፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አለ። ከላይ፣ የተሰበረ ማንጠልጠያ የነበረበት ጉብታ ይታያል።

ነዳዩ እጁን እንደዘረጋ፣ "አባቴ፣ ስጡኝ ወይም እለፉኝ፤ እጄ በረደው" አለኝ።

ሌላ ሰጠሁትና፣ ሞኝ አፌ አላርፍ ብሎ "አላድ!" አልኩ። አላድ ማለት በድሮ ጊዜ የብር ግማሽ የነበረችው፣ ከንጹሕ ብር የተመታች ገንዘብ ናት። ቃሏ ከአፌ ሳትወርድ ሰው ከበበኝ። አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ የጥንት ገንዘብ የሚገዛ ነጋዴ አለ አለ፤ ሌላው በአንዲቷ በሬ ይገዛባታል አለ፤ ወዲያው ደግሞ በሬው ሁለት ሆነ። ጥሩነሽ ከድንጋይዋ ተነስታ መጣች። እሷ የሸጠችልኝ ዘጠኝ ሳንቲም እንጂ አላድ እንዳልሆነ፣ እኔም የገዛሁት እጄ ላይ የወደቀውን እንደሆነ ተከራከርን። በመጨረሻ እውነተኛ ከሆነች ለሁለት ልንካፈል ተስማማንና፣ ሰዉ ሁሉ ተከትሎን ወደ እኔ መሥሪያ ቤት ገባን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመንገድ ላይ ከሰዉ ሁሉ የምፈጥነው እኔ ነበርኩ። አዲስ ጥርስ ላስተክልበት ነበር ሐሳቤ።

መጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣልኳት። ብር ሲወድቅ ድምፁ ይረዝማል፤ የእሷ ግን ጠቅ ብሎ ቀረ። ያረጀች ስለሆነች ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቀጥዬ በመዳፌ መዘንኳት፣ ቀለለችኝ። ተበልታ ነው አልኩ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ወደ በሩ ብርሃን አዞርኳት።

በአንበሳው ጀርባ ላይ፣ ከጋማው እስከ ጅራቱ ሥር፣ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ጭረት እንዳትሏት። ጭረት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህች እንደ ደም ሥር ወደ ውጭ የወጣች ናት። በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ገንዘብ እንዲህ ያለ ምልክት አይኖረውም። እንዲህ የሚሆነው አንድ ሰው እውነተኛውን ገንዘብ ጭቃ ላይ ተጭኖ ቅርጹን ሲያወጣ፣ በመሐል የበግ ፀጉር ገብታ ከሆነ ነው። ፀጉሯ ጭቃው ላይ ቦይ ትሠራለች፤ የቀለጠው ብረት ቦዩን ይሞላዋል። መንዝ ውስጥ ደግሞ የበግ ፀጉር የማይገባበት ነገር የለም፤ ወጥ ውስጥም አለ።

"ሐሰት ነው" አልኩ።

ጥሩነሽ አላመነችም። "ድንጋዩ ላይ እንኳ ሳይፍቋት እንዴት አወቁ ጋሽ ወርቅነህ?"

ለእሷ ስል ዳርቻዋን ፋቅኋት። ላይዋ ብር፣ ውስጧ ቀላ ያለ ተራ ብረት ሆነች። ሰዉ በሬዎቹን መልሶ ወደየቤቱ ነዳ። ጥሩነሽ በሌላ ሳንቲም ልተካልዎ ብትለኝ፣ ትቅርልኝ፣ መቀለጃ አደርጋታለሁ አልኳት። እየሳቁብኝ ወጡ። እኔ ግን በርጩማዬ ላይ ቀረሁ። ያቺን ፀጉር በሚገባ አውቃት ነበር። የገባችው በእኔ ጭቃ ውስጥ ነው።

እንግዲህ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ እዩኝ። አራት ጥርስ ሳይሆን ሠላሳ ሁለት፣ እንደ አሁኑ ግን ትንሽ ጭንቅላት። እትዬ አስካለ የምትባል ታላቅ እህት አለችኝ። ባሏ ሲያገባት አንዲት የብር አላድ በማንጠልጠያ አሠርቶ አንገቷ ላይ አስሮላት ነበር። በሦስት ዓመቱ እሱ ከበቅሎው ጋር ገደል ገባ። ከእሱ የቀራት አንዲት ሴት ልጅና ያቺ አላድ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ማንጠልጠያው ተሰበረና፣ ሥራ ገና መጀመሬ ስለነበር፣ ጠግንልኝ ብላ ሰጠችኝ።

እኔ በዚያ ሰሞን የእጅ ሰዓት አምሮኝ ነበር። ሰዓት ማንበብ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ብቻ እጅጌዬን ሰብሰብ አድርጌ በገበያ መሐል ማለፍ አማረኝ። አላዷን ጭቃ ላይ ተጫንኩ፣ የተሰበረ ማንኪያና መዳብ አቀለጥኩ፣ አፈሰስኩ፣ በላዩም ስስ ብር ቀባሁት። ሐሰቷን ለእህቴ መለስኩ፤ እውነተኛዋን ደብረ ብርሃን ወስጄ ሸጥኩና ሰዓት ገዛሁ። ለሰው የነገርኩት አንድ ነጋዴ ለሥራዬ መርቆ ሰጠኝ ብዬ ነው። እትዬ ያን ዕለት አላዷን አንገቷ ላይ አስራ ሳመችኝ። "ይህን ከአንገቴ የሚያወርደው ገናዥ ብቻ ነው። ለመግነዜ ትሸጣለች" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ባየኋት ቁጥር ዓይኔ አንገቷ ላይ ያርፍና ይሸሻል። እያደር መቅረት አበዛሁ። እርጅናዋን ልጇ ዘንድ፣ ከዘመሮ ወዲያ ባለ ቀበሌ ነው የምትኖረው። ካየኋት አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

አሁን ግን ያ ገናዥ ብቻ ያወርደዋል የተባለው ነገር መዳፌ ላይ ተቀምጧል። መርዶ ደግሞ አልደረሰኝም።

ወደ ጥሩነሽ ተመለስኩ። ዝርዝሩን የምትገዛው ከነዳያኑ ነው፤ የጧቱን ያመጡላት ከዘመሮ በኩል የመጡ አንዲት መነኩሲት መሆናቸውን ነገረችኝ። እማሆይን ከግንቡ ሥር ቆሎ ሲቆረጥሙ አገኘኋቸው። አላዷን ሳሳያቸው ቆሎው አፋቸው ውስጥ ቆመ።

"ምጽዋት ነው" አሉ። "ዓይናቸው የጠፋ አንዲት ባልቴት ናቸው የሰጡኝ። ገብረ መስቀል ብለሽ ጸልዪ ብለውኛል።"

"ሞተዋል?"

"እኔ ከወጣሁ ሦስት ቀኔ። ያን ዕለት ይናገሩ ነበር።"

ገብረ መስቀል የክርስትና ስሜ ነው። በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቁት የነፍስ አባቴና እትዬ ብቻ ናቸው፤ እኔ ራሴ አንዳንዴ እረሳዋለሁ።

የዚያኑ ቀን በግ በጫነ መኪና ተጫንኩ፤ በጎቹ ከእኔ ይልቅ ክብር ነበራቸው፣ ይዋጋሉና ሰው ቦታ ለቀቀላቸው። ዘመሮ አድሬ ጧት በውርጭ በእግሬ ተነሳሁ። ሣሩ ከእግሬ ሥር እንደ መስታወት ይሰበራል። በየጉብታው ቆም እያልኩ አዳምጥ ነበር፤ ዋይታ ይሰማ እንደሆነ። ምንም የለም። የመጨረሻውን ጉብታ ስወጣ ግን ከእህቴ ልጅ ግቢ ነጭ ሸራ ተወጥሮ አየሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን እንደሚጣል ታውቃላችሁ። እዚያው ተቀመጥኩ። አልቅሼ ስጨርስና ቀረብ ስል፣ ሸራው የገብስ ክምር ላይ የተጣለ ነው። ለገብስ ክምር ያን ያህል ያለቀሰ ሰው በመንዝ ታሪክ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የእህቴ ልጅ በላይነሽ ከደጅ አገኘችኝ። "አጎቴ፣ ማን ነገረዎ?" አለች። እናቷ እህል ከቀመሰች ሳምንቷ ነው፤ ቄሱም አቁርበዋታል። ሙሉ የምትባል ጎረቤት ቀን ከሌት እያስታመመቻት ነበር። ሁለቱ አጥሚት ሊያሞቁ ሲወጡ ከእትዬ ጋር ብቻችንን ቀረን።

መደብ ላይ ባና ለብሳ ተኝታለች። እንደ ወፍ አንሳለች።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"እኔ የሚባል ሰው ብዙ ነው።"

"ወርቅነህ።"

እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳበሰችው። "ወርቄ። እግርህ መጎተት ጀምሯል፤ ከደጅ ሰማሁህ።"

 አላዷን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።  በአውራ ጣቷ ስታገላብጣት ቆይታ አንበሳው ጀርባ ላይ ደረሰች፣ እዚያች መስመር ላይ ቆመች።

"ያቺ መነኩሲት ገደል ጣዪልኝ ብያት ነበር" አለች።

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"በሳምንቱ ነዋ።" የቀሚሷን አንገት ዝቅ አደረገችው። ከአጥንቷ በታች፣ አላዷ ትንጠለጠልበት የነበረው ቦታ፣ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያህል አረንጓዴ ሆኗል። "በአመድ ፈተግሁት፣ በሎሚ አሸሁት። ብር ያጠቁራል እንጂ አያለመልምም።"

"ታዲያ ለምን አላወለቅሽውም?"

"ባወልቀው የት አደረሽው ይሉኛል። ወንድሜ ሰረቀኝ ልበል? ገና መዶሻ መያዝህ ነበር፤ ሐሰተኛ ከተባልክ ማን ብሩን አምኖ ይሰጥሃል።" ትንፋሽ ወሰደች። "ገበያ ስወጣ ሴቱ አንገቴን አይቶ ማን አበጀልሽ ይለኛል። ወንድሜ እላለሁ። ወዳንተ ይመጣሉ።"

ያኔ መዓት ሴት ብሯን ይዛ ትመጣልኝ ነበር። የእጄን ጥበብ ሰምተው መስሎኝ ነበር። በእጄ የበላሁ ሲመስለኝ በእህቴ አንገት ነው የበላሁት።

"አሁን ደግሞ ሲገንዙኝ ያገኙታል" አለች። "ለመግነዟ ይሸጥ ብለው ለሌላ አንጥረኛ ያሳዩታል። ለዚህ ነው ለመነኩሲቷ ከሁለት ብር ጋር የሰጠኋት። ብሩ ለአንቺ፣ ይህች ግን ለገደል አልኳት።"

"አልጣለችውም፤ ከሳንቲም ጋር ሸጠችው።"

"ድሃ ናት። ምን ታድርግ።"

እግሯ ሥር ተንበረከክኩ። ይቅር በይኝ የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ሳዘጋጅ ኖሬ፣ ሲወጣ የመጣው እንደ ሕፃን ማልቀስ ነው። ራሴን ዳበሰችኝ። "ለእሱ እኮ እንድትጸልይልህ መነኩሲቷን ቀጠርኩልህ" አለች። "ሁለት ብር ነው የከፈልኩ።"

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠራችኝ።

"ወርቄ።"

"አቤት እትዬ።"

"ለመሆኑ ያ ሰዓት አሁን ስንት ይላል?"

ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ይህች ሴት ከመጀመሪያው አንስቶ ታውቅ ነበር። "ቆሟል" አልኳት። "በሦስት ወሩ ነው የቆመው።"

ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። "እኔ ደግሞ ቢያንስ ጊዜውን ያይበታል እያልኩ ነበር የምጽናናው።"

አላዷን መልሳ እጄ ላይ አደረገችና፣ ሰው ሳያያት ገደል እንድጥላት ቃል አስገባችኝ። ቃል ገባሁ። በላይነሽ አጥሚቱን ይዛ ገባች፤ እትዬ አንዴ ቀምሳ በቃኝ አለች። ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ደጅ ሲዞር፣ እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ ሄደች።

በማግስቱ ቀበርናት። መግነዟን እኔ ገዛሁ፤ ሃምሳ ዓመት ዘግይቼ። ቃሌንም ልፈጽም ቆርጬ ነበር፤ ገደሉ ከቤቱ ጀርባ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ከቀብር ተመልሰን ለእዝን እንደተቀመጥን ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። የአስካለ አላድ የት ገባች? የገነዟት አላገኟትም። በላይነሽም አላየችም። ዓይን ሁሉ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይናገር፣ ወደ አንዲት ሴት ዞረ፤ ወደ ሙሉ፣ ቀን ከሌት ወዳስታመመቻት። ሙሉ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። አንዲት ሴት ከጎኗ ትንሽ ፈቀቅ ስትል አየሁ። ትንሽ ብቻ። ያቺን ፈቀቅታ እስካሁን አልረሳትም።

አላዷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ለሟች የገባሁት ቃል በአንድ በኩል፣ ይህች ሴት በሌላ በኩል። እትዬ ሐሰቴን አንገቷ ላይ ተሸክማ ኖራለች። ደግሞ ሙሉንም ላሸክማት?

ተነሳሁ። አላዷን አወጣሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጭቃውን፣ ማንኪያውን፣ ሰዓቱን።

 ከዚያ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ "ወርቅነህ፣ ለቅሶ ላይ አይቀለድም" አሉኝ።

አላመኑኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በራሴ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህም ከቀልዶቼ አንዱ መሰላቸው። አንዱ፣ ሙሉን ሊያድናት ነው፣ ደግ ሰው ነው እያለ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ደግ ሰው! ከዚያ የከፋ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። አንዲት ባልቴት ደግሞ ሟቿ ራሷ ወንድሜ አበጀልኝ ስትል ስንቴ ሰምቻለሁ ብለው መሰከሩልኝ። እህቴ ተቀብራም ትሸፍነኝ ነበር።

ከግቢው ጥቁር ድንጋይ አነሳሁ። አላዷን በሁሉም ፊት ፋቅኋት፣ ፋቅኋት፣ ብሩ እስኪያልቅና ቀዩ እስኪወጣ። ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። እሳቸው አይተው ለጎናቸው አቀበሉ፤ ያም ለቀጣዩ። አላዷ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ መጨረሻ ሙሉ ጋ ደረሰች። ሙሉ ለረጅም ጊዜ ያዘቻትና፣ ተነስታ መጥታ መዳፌ ላይ አኖረቻት።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ብር እውነተኛነት ሳረጋግጥ ኖሬ፣ የራሴን ሐሰት ለማስመስከር ያን ያህል መከራ ማየቴ ይገርመኛል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሞላሌ ገባ። ሰው ቀለበቱንና መስቀሉን እየያዘ መሐል ሜዳ ከተማ ላለ ሌላ አንጥረኛ ሊያስፈትሽ ሄደ። ሁሉም እውነተኛ ሆኖ ተመለሰ፤ ከዚያች አንዲት ሌላ ሐሰት ሠርቼ አላውቅም። ቢሆንም ደጄ ቀዝቅዟል። ጥሩነሽ ብቻ ናት እንደ ድሮው የምትቀልደኝ፤ አሥር ብር ስሰጣት ዘጠኙን ሳንቲም አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እየጣለች ድምፁን ታሰማኛለች።

አንባቢዎቼ፣ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ብቻ አንገቷን ለማየት የምትፈሯት ሰው ካለች ሂዱ። እኔ ከእሷ የሸሸሁት እንዳታውቅ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ስታውቅ ኖራለች፤ የሸሸሁበት ዘመን ሁሉ በከንቱ ቀረ። አራቱን ዓመት እንኳ ባልቀር ኖሮ፣ ስለዚያ ሰዓት ስንት ጊዜ አብረን እንስቅ ነበር።

አላዷን ገደል አልጣልኳትም። እትዬ ይቅር በይኝ፣ ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው። አዲስ ማንጠልጠያ ሠርቼላት፣ ከማተቤ ጋር አስሬያታለሁ። ብሩ ስለተፋቀ ከአንድ ሳምንት በኋላ ቆዳዬ ላይ አረንጓዴው ወጣ። በአመድም በሎሚም አልነካሁትም። ገበያ ላይ የማያውቀኝ ሰው ዓይቶ ማን አበጀልዎ ሲለኝ፣ እኔው እላለሁ፤ ጊዜ ካለው ደግሞ አስቀምጬ ስለ እህቴ አጫውተዋለሁ።